ከኋላ ዲፈረንሻል ውስጥ የወጣ ታሪክ፦ ስለ ጥርስ፣ ስለ ዘይትና ስለ ዓሣ ነባሪ



የዛሬውን ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበቡ አንዳንድ ባልደረቦቼ የመካኒክነት ሥልጠና ልሰጥ የተነሣሁ መስሏቸው ነበር። በከፊል አልተሳሳቱም። የምነግራችሁ ታሪክ የተጀመረው በቤተ መዛግብት ሳይሆን በገዛ ግቢዬ፣ ከአንዲት አሮጌ ፒክአፕ መኪና ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ሳለሁ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት መቀየር በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ ጎማዎቹ ይታገዳሉ። የዲፈረንሻሉ ቤት ሁለት ብሎኖች አሉት፤ አንዱ ከታች ለማፍሰሻ፣ ሌላው ከጎን ለመሙያ። አሮጌው ዘይት በታችኛው ይወጣል፤ አዲሱ በጎኑ ቀዳዳ ከንፈር ላይ እስኪደርስና መልሶ መንጠባጠብ እስኪጀምር ድረስ ይሞላል። እንደ መኪናው ዓይነት ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ቢፈጅ ነው። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ እኔም የተማርሁት በመቀጣት ነው። መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ብሎን ነው። በመጀመሪያው ሙከራዬ ማፍሰሻውን አስቀድሜ ፈታሁ፤ ዘይቱ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ወረደ፤ ከዚያ የመሙያው ብሎን ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ። ዲፈረንሻሉ ደረቅ የሆነን መኪና እስከ ጋራዥ መንዳት አይቻልም። የሰፈራችን መካኒክ በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ አስገብቶ እስኪያላቅቅልኝ ድረስ መኪናዬ ሁለት ቀን ከነባለቤቷ ኀፍረት ቆመች።

ይሁንና በዚያ ቀን ያስደነቀኝ ብሎኑ ሳይሆን ሽታው ነው። የሞተር ዘይት ለውጣችሁ ከሆነ የዚህን ያህል አይከረፋም። የዲፈረንሻል ዘይት ግን የድኝ ሽታ አለው፤ ልብስ ላይ ከተረጨ በአንድ እጥበት አይለቅም። ለምን? ለታሪክ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ድኝ በተፈጥሮው ብረትን የሚያጠቃ ነገር ነውና፣ አንድ ሰው ሆነ ብሎ ከብረት ጥርሶች መካከል ያስገባው በቂ ምክንያት ቢኖረው ነው።

ዲፈረንሻል ራሱ ከአውቶሞቢል ይቀድማል። መኪና ሲታጠፍ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ መፈቀድ አለበት። ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ኦኔሲፎር ፔኬር በ1820ዎቹ መጨረሻ ለእንፋሎት ሠረገላ ያስመዘገበው መሣሪያ ይህንኑ የሚፈታ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዲፈረንሻሎች ግን በዘይት ረገድ ብዙ አይጠይቁም ነበር፤ ተራ ወፍራም ዘይት ይበቃቸው ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ1926 ነው። የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ፣ በኒው ዮርክ ግዛት የሮቸስተር ከተማ ያለው የግሊሰን ፋብሪካ ያወጣውን አዲስ የጥርስ አቆራረጥ በመኪኖቹ ላይ አዋለ። ሃይፖይድ ይባላል። በቀድሞው አሠራር ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ትንሹ ጥርስ፣ ትልቁን ባለጥርስ ቀለበት የሚገጥመው በመካከሉ ትይዩ ነበር። በሃይፖይድ ግን ትንሹ ጥርስ ከመካከሉ ዝቅ ብሎ ይገጥማል። በዚህም ዘንጉ ዝቅ አለ፤ ዘንጉ ዝቅ ስላለ የመኪናው ወለል ዝቅ አለ። ድምፁም ለስለስ አለ። ደንበኛው የፈለገው ይህን ነበር፤ ዝቅ ያለና ያማረ መኪና።

ዋጋው ግን ከማይታይበት ቦታ ተከፈለ። በሃይፖይድ ጥርሶቹ አንዱ በሌላው ላይ መሽከርከር ብቻ ሳይሆን እየተጫኑ ይፋተጋሉ። ግፊቱ ተራውን ዘይት ከመካከላቸው ጨምቆ ያስወጣዋል፤ ብረት ከብረት ጋር ይገናኛል፤ ከሙቀቱ የተነሣ ይያያዝና ይገነጠላል። መፍትሔው ከኬሚስቶች መጣ። ድኝ፣ ክሎሪን፣ ፎስፈረስ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም የእርሳስ ሳሙና በዘይቱ ውስጥ ተጨመሩ። እነዚህ ነገሮች ብረቱ እጅግ በጋለበት ነጥብ ላይ ከብረቱ ጋር ተዋህደው ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ በፍትጊያው የሚላጠው ሽፋኑ እንጂ ጥርሱ አይደለም። ድኝ ብረቱን በጥቂቱ ይበላዋል፤ በመብላቱም ያድነዋል። ዛሬ በዘይቱ ዕቃ ላይ ጂኤል-5 የሚለው ምልክት የሚናገረው ይህንኑ ነው። (ይህን ዘይት በካምቢዮ ውስጥ እንዲሁ በድፍረት የማንጨምረውም በአንዳንዱ ካምቢዮ ያለውን ነሐስ ስለሚጎዳ ነው።)

ድኙ በዘይቱ ውስጥ በአግባቡ እንዲቀመጥ ተሸካሚ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ነው ባሕሩ ወደ ጋራዡ የሚገባው። ስፐርም ዌል ከሚባለው ግዙፍ ዓሣ ነባሪ የሚወጣው ዘይት በኬሚካዊ ባሕርዩ ከተለመደው የእንስሳት ስብ ይለያል፤ በአብዛኛው ፈሳሽ ሰም ነው። ድኝን በደንብ ይቀበላል፤ በማዕድን ዘይት ውስጥ ሟሙቶ ይቆያል፤ ከብረት ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት ድኝ የተዋሐደው የዓሣ ነባሪ ዘይት፣ በሁሉም ባይሆን በብዙ የዲፈረንሻልና የካምቢዮ ዘይቶች ውስጥ ገባ። የአሜሪካ መንግሥት ለጦርነት ጊዜ ብሎ ካከማቻቸው ስልታዊ ዕቃዎች አንዱ ይኸው ዘይት ነበር።

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ልመለስ። በመማሪያ መጻሕፍት ደጋግማችሁ ያነበባችሁት ሌላ ታሪክ ነው፤ ነዳጅ ዓሣ ነባሪን አዳነ የሚለው። በ1859 በፔንሲልቫንያ፣ በታይተስቪል ድፍድፍ ዘይት ተቆፍሮ ወጣ፤ ላምባ ረከሰ፤ የዓሣ ነባሪ ዘይት ከፋኖስ ተባረረ። በ1861 ቫኒቲ ፌር የተባለው የኒው ዮርክ መጽሔት ዓሣ ነባሪዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው የፔንሲልቫንያን የዘይት ጉድጓዶች ለማክበር ሲጨፍሩ የሚያሳይ ካርቱን አትሞ ነበር። ሥዕሉን ብዙ ሰው እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል።

ለፋኖስ እውነት ነው። ለዓሣ ነባሪው ግን አይደለም። ስፐርም ዌል በብዛት የታረደው በመርከብ ሸራና በእጅ ጦር ዘመን ሳይሆን በ1960ዎቹ ነው፤ በዚያን ጊዜ በየዓመቱ ከ20,000 በላይ ይገደል ነበር። አዳኞቹ መርከቦች የሚሄዱት በነዳጅ ነበር፤ ሬሳውን በኋላ በኩል ጎትተው በመርከቡ ላይ የሚያርዱበት አሠራር የተጀመረው በ1925፣ ከሃይፖይድ ጥርስ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ሁለቱ አንዱ የሌላው ምክንያት ናቸው አልልም። ነገር ግን ነዳጅ ዓሣ ነባሪውን ከመብራት ካሰናበተው በኋላ፣ ያው ነዳጅ የወለደው መኪና በኋላ በር መልሶ ጠራው። በሥዕሉ ላይ የሚጨፍሩት እንግዶች ግብዣው ገና አላለቀም ነበር።

ይህን የምለው ደራሲዎቹን ለማሳጣት አይደለም። ስሕተቱ ከአጻጻፋችን የሚመጣ ነው። የቴክኖሎጂን ታሪክ በፈጠራ ቀን ስንጽፍ አዲሱ መጣ፣ አሮጌው ሄደ እንላለን። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ዴቪድ ኤጀርተን እንደሚሟገተው፣ ከአገልግሎት ተነሥተን ብንጽፍ ሌላ ሥዕል እናያለን። እኔ እጨምራለሁ፤ ከዘይት ማፍሰሻው ብንነሣ ደግሞ ጨርሶ ሌላ። የራሳችን የጋራዥ ቋንቋ እንኳ ይህን ይመሰክራል፤ ብሎን፣ ክሪክ፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ቃላት የጣልያን ናቸው፤ መኪኖቹ የጃፓን ከሆኑ ግን ዘመናት አልፈዋል። ተተካ የተባለው ሁሉ አልሄደም።

ዓሣ ነባሪው ከዲፈረንሻል የወጣው በገበያ ሳይሆን በሕግ ነው። አሜሪካ በ1970 ስፐርም ዌልን ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ውስጥ አስገባች፤ ዘይቱን ማስገባትም ቆመ። አስቀድመው አይቻልም ሲሉ የነበሩ ዘይት አምራቾች የኬሚስቶቻቸውን በር አንኳኩ፤ ሰው ሠራሽ ምትክ ተገኘ። በአሪዞና በረሃ የሚበቅለው ሆሆባ የተባለው ቁጥቋጦም ፍሬው ተመሳሳይ ፈሳሽ ሰም ስለሚሰጥ በዚያው ዘመን ድንገት ተፈላጊ ሆነ። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ ማደንን ለማቆም የወሰነው ደግሞ ቆይቶ በ1982 ነው። ሕጉ ቀደመ፤ ምትኩ ተከተለ። ገበያው ራሱ በጊዜው ይፈታው ነበር የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። አርባ ዓመት ያህል ጊዜ ነበረው፤ አልፈታውም።

በቅርቡ ለሦስተኛ ጊዜ ስቀይር በማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ የተጠራቀመውን ግራጫ ብናኝ በጣቴ አሸት አድርጌ አየሁት፤ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ስብርባሪ ቢሆን ኖሮ ያሳስበኝ ነበር። የወጣው ዘይት ግን አሁንም በጄሪካን ውስጥ ከመጋዘኔ በር አጠገብ ተቀምጧል። ጎረቤቴ የአጥሩን እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ሊቀባበት ጠይቆኝ ነበር፤ እንጨቱ ከጉድጓድ ውኃው በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ስለሆነ አልሰጠሁትም። ቦይ ውስጥ አላፈሰውም፤ የሚረከበኝም እስካሁን አላገኘሁም። ከዚህ በፊት ካወጣሁት ጋር ሲደመር ጄሪካኖቹ ሦስት ሆነዋል፤ ክዳናቸው ሲከፈት አሁንም ድኝ ድኝ ይላሉ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።