ባሕሩ የት ሄደ?

ታዲያላችሁ፣ እማማ ፌስታላቸውን የተቀሙት ገና ከዛንዚባር አውሮፕላን ማረፊያ ሳንወጣ ነው። ዳቦ ቆሎውን ማንም አልነካባቸውም፤ የተፈለገው ፌስታሉ ብቻ ነው። ሻሽ ያሰረችው ተቆጣጣሪ በትሕትና ወደ ግድግዳው ማስታወቂያ ጠቆመቻቸውና እጇን ዘረጋች። ታንዛኒያ ፌስታል ይዞ መግባትን ከልክላለች፤ ዛንዚባር እንዲያውም ከዋናው ምድር ቀድማ ነው ያገደችው። እማማ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች ገላመጧት። ከዚያ ዳቦ ቆሎውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና «ምን ይደረግ፣ አገሩ ደንብ አለዋ!» ብለው አለፉ።

እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። ጉዞው የታሰበው ግን ለልጆቹ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ጭቃው ከቤት አላስወጣ ብሏቸው ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው ነው የከረሙት። ላንጋኖን ያውቃሉ፣ ሶደሬን ያውቃሉ፤ ባሕር ግን አይተው አያውቁም። እኛ ዘንድ ዶፉ በሚወርድበት ጊዜ ዛንዚባር ላይ ደረቅና ነፋሻ ወቅት ነው፤ ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ጥሎ ያልፋል። አየር መንገዳችንም ከቦሌ ወደዚያው ይበራል። ዓርብ ሄደን እሑድ ልንመለስ ተስማማን።

እማማ ሁለት ነገር ጠየቁ። አንደኛው ፍልሰታ ይፈታ የሚል ነው፤ በጾም ዓሣ ሲጠበስ እያሸተቱ መዋል አይፈልጉም። ሁለተኛው ከበድ ይላል። እሑዱ ጳጉሜን 3 ነበር፣ ሩፋኤል። «ሰማይ በሚከፈትበት ቀን እኔ የት ልጠመቅ ነው?» አሉ። የዚያን ቀን ዝናብ ለእሳቸው ጠበል ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ደጅ ወጥተው ሲታጠቡበት፣ ቡኮው ላይም ጠብ ሲያደርጉት ኖረዋል። ትልቋ ልጄ «እማማ፣ እዚያ እኮ ዙሪያው ሁሉ ውኃ ነው» ብላ ባትገላግለን ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር።

የሚወስደን ሾፌር ወጣት ነው፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል። ወደ ምሥራቁ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ ወደሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ አንድ ሰዓት ያህል መንገድ አለን። ጥቂት እንደሄድን ስልክ ተደወለለትና በስዋሂሊ ሲያወራ «ሳ ቲሳ» የሚል ነገር ጣል አደረገ። ልጄ ምን እንዳለ ጠየቀችው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንግዶች ይዤ ተነሥቻለሁ አልኩት» አላት። የመኪናው ሰዓት ግን 3 ነው የሚለው። ከፈረንጅ ጋር መዋል አስለምዶት ይመስለኛል፣ ሳንጠይቀው ያብራራልን ጀመር፤ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው፣ እናንተን ግራ ያጋባችኋል፣ እንዲህና እንዲያ። እማማ ከኋላ ወንበር ክንዳቸውን ዘርግተው የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩት። ዘጠኝ ከሩብ። ሾፌሩ ፍሬን ሊይዝ ምንም አልቀረው።

እንግዲህ ስንት ዘመን ሙሉ «እንደኛ ሰዓት የሚቆጥር በዓለም የለም» እያልን ስንኮራ የኖርን ሰዎች ነን! የስዋሂሊ ጠረፍ ሕዝብ በሙሉ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል እንደኛው አንድ ሰዓት ነው። ምክንያቱም ያው የእኛው ነው፤ ወደ ምድር ወገብ የተጠጋ አገር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ሳትዛነፍ ትወጣለች፣ ቆጠራውን ከእሷ መጀመር ያዋጣል። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ እማማን «ቢቢ» እያለ ነው ያደረሰን፤ ለአያት የሚሰጡት አክብሮት ነው።

በመንገድ ላይ ጆዛኒ የሚባለው ደን አለ፤ ሌላ አገር የማይገኝ ቀይ የጉሬዛ ዘመድ ይኖርበታል። ትንሹ ልጄ ካልወረድን ብሎ አለቀሰ። አልወረድንም፣ ባሕሩ ይበልጥብን ነበር።

ስንደርስ ውኃው እስከ ሆቴሉ ደረጃ ድረስ ሞልቶ ነበር። ቀለሙን አልነግራችሁም፤ ፎቶው ላይ ያለው ነው፣ ፎቶው አልዋሸም። አሸዋው ከዛጎልና ከኮራል የተፈጨ ነውና እንደ ፊኖ ዱቄት ይልማል። ልጆቹ ልብሳቸውን ሊያወልቁ ሲሉ ባለቤቴ ከለከለቻቸው። ነፋሱ በርትቷል፣ ዕቃው አልተፈታም፣ ምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ጀንበር ከጠለቀች ጨለማው አይዘገይም። «ነገ ጠዋት ቁርስ በልታችሁ ቀኑን ሙሉ ትዋኛላችሁ፤ ባሕሩ የት ይሄዳል?» አለቻቸው።

ሄደ።

ቅዳሜ ቁርሳችንን ተንደላቅቀን በልተን አምስት ሰዓት ገደማ ስንወጣ ባሕር የሚባል ነገር የለም። የሚታየው እርጥብ አሸዋ፣ የተጋደሙ ጀልባዎች፣ አረንጓዴ ሣር መሳይ ነገርና እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ ነው። ከሩቅ፣ ከሩቅ፣ ነጭ መስመር ትታያለች፤ ማዕበሉ የኮራሉን ግንብ ሲመታ ነው። ትንሹ ልጄ ከነመነጽሩና ከነመዋኛ ጎማው ቆሞ «አባዬ፣ ባሕሩ የት ሄደ?» አለኝ። ምን ልመልስለት? እንግዳ መቀበያው ላይ ያለውን ሰውዬ ልጠይቅ ሄድኩ። ሳይስቅ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ወረቀት አሳየኝ። ባሕሩ በየቀኑ የሚወጣበትና የሚገባበት ሰዓት በደቂቃ ሳይቀር ተጽፎባታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረቃና ፀሐይ ባሕሩን ይስቡታል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሰዓቱም አይቆምም፤ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ በጠፋችበትና ሙሉ በሆነችበት ሰሞን ልዩነቱ ይብሳል፤ እኛ የሄድነው ደግሞ ጨረቃ ገና በተወለደች ሰሞን ነው። ጃምቢያኒ ላይ ከዳርቻው እስከ ኮራሉ ግንብ ያለው ወለል ዝርግና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ውኃው ጥቂት ሜትር ዝቅ ሲል ያ ሁሉ ሜዳ ይራቆታል።

ልጆቹን ጫማ አስጠለቅናቸው። ባዶ እግር መሄድ አይቻልም፤ ጥቁሩ የባሕር ጃርት እሾሁ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። እናም በእግራችን ወደ ባሕሩ ወለል ወረድን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መዋኘት ቢኖር ኖሮ ያን አናይም ነበር።

ሜዳው ላይ ሴቶች ነበሩ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ ተቀምጠዋል። እርሻቸው እዚያ ነው፤ የባሕር አረም ያለማሉ፣ ምዋኒ ይሉታል። አጫጭር ካስማ በመስመር ተተክሏል፤ ከካስማ ካስማ ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ በስንዝር በስንዝር ልዩነት የአረሙ ቅንጣቢ በክር ይታሰራል። አንዷን ቆመን አየናት። ቅንጣቢውን በግራ እጇ ትይዛለች፣ ክሩን በቀኝ አዙራ በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ ታስራለች፣ ወደ ቀጣዩ። ዓይኗ ከጓደኛዋ ጋር ወሬ ላይ ነው። ማዕበል ካልቆረጠው በአንድ ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ ይታጨዳል፣ ደጅ ላይ ይሰጣል፣ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል። ከውስጡ የሚወጣው ማወፈሪያ የጥርስ ሳሙና፣ አይስክሬም፣ ቅባት ውስጥ ይገባል። ሥራው የተስፋፋው ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። አሁን ግን ባሕሩ እየሞቀ፣ ደህና ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እየሞተባቸው፣ ርካሹ ነው የቀራቸው። ቱሪስቱ ባሕሩ ሲሞላ ይደሰታል፤ እነሱ እንጀራቸው የሚገኘው ሲጎድል ነው።

እማማ ቆመው ማየት አልሆነላቸውም። ነጠላቸውን አገልድመው ውኃው ውስጥ ዘጭ አሉ። ሴትዮዋ ሳቀችና ክር ሰጠቻቸው። የመጀመሪያው ቋጠሮ ተፈታ፣ ሁለተኛው ቆመ። በምን ቋንቋ እንዳወሩ አልገባኝም፤ ብቻ ስለ ልጅና ስለ ወገብ ሕመም እንደሆነ በእጃቸው ይታወቅ ነበር። መጨረሻ ላይ ያ የነጠላ ቋጠሮ ተፈታ፤ ዳቦ ቆሎው ለሴቶቹ ሁሉ ተዳረሰ።

ስንመለስ እማማ ለትንሹ ልጅ የሩፋኤልን ነገር አነሡለት። ስንክሳሩ በሚነግረን ታሪክ፣ ከእስክንድርያ ወጣ ብላ በምትገኝ ደሴት ላይ ለመልአኩ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል፤ ደሴት የተባለው ግን የትልቅ ዓሣ አንበሪ ጀርባ ኖሯል። ዓሣው ሲንቀሳቀስ ቤተ ክርስቲያኑ ተናወጠ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ሩፋኤልም በበትሩ ወግቶ አቆመው። ልጁ የረገጠውን መሬት ቀና ጎንበስ እያለ አየና «እማማ፣ ይሄኛውስ ደሴት?» አለ። «እሱን አባትህን ጠይቀው» አሉት። ኮራል ድንጋይ ነው አልኩት። ለነገሩ አንድ ጀልባ ነጂ ሰምቶን በዚህ ወቅት እውነተኛ ዓሣ አንበሪዎች በዚያ ጠረፍ እንደሚያልፉ ነገረን። ከዚያ በኋላ ልጁን ከባሕሩ ዳር ማንሣት አልተቻለም። ምንም አላየንም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ውኃው እየተሳበ ተመልሶ መጣ፤ እስኪመሽም ዋኙ።

እሑድ ጠዋት ወረቀቷን አይተን ነው የተነሣነው፤ ባሕሩ የሚሞላው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ጠብ የሚል ደመና የለም። እማማ ወደ ምሥራቅ ዞረው አማተቡና በነጭ ቀሚሳቸው እስከ ወገባቸው ገቡ። ልጆቹ ግራና ቀኝ ያዟቸው። ሦስት ጊዜ ጎንበስ ቀና ብለው ራሳቸው ላይ አፈሰሱ። ዓይናቸው በጨው ተቃጥሎ እየተንገበገቡ ሲወጡ «ጠበል ሲሆን ጨው ምን ያደርጋል?» ብለው ሳቁብን።

ከቀትር በኋላ በረራ ስላለን ወደ ስቶን ታውን አመራን። ቅመም እርሻ ላይ ለአፍታ ቆመን ነበር፤ እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሻይ ውስጥ የጨመሩት ቅርንፉድ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ መሆኑን ዛፉ ላይ አዩት። ከተማው ውስጥ ግን ሳቁ ቀረ። የአንግሊካኑ ካቴድራል የቆመው በ1873 (እ.ኤ.አ.) በተዘጋው የባሪያ ገበያ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ፤ በውስጡ የተቀረጹ አምስት ሰዎች አንገታቸው በእውነተኛ ሰንሰለት ተያይዞ ቆመዋል። እማማ «ከእኛስ ሰው ነበር?» አሉ። ነበር። የዛንዚባሩ የሱልጣን ሰዒድ ልጅ ልዕልት ሳልሜ በ1886 (እ.ኤ.አ.) በጀርመንኛ ባሳተመችው ትዝታዋ በአባቷ ቤተ መንግሥት ከሐበሻ የመጡ ሴቶች እንደነበሩ ጽፋለች። እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፣ «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ።

ለልጆቹ ሌላም ነገር ነገርኳቸው፤ ትምህርት ቤት አይነግራቸውም ብዬ። እኛ ዓድዋ ላይ በተዋጋንበት በዚያው በ1888 ዓ.ም.፣ ነሐሴ 22 ቀን፣ እንግሊዞች ለሱልጣን ኻሊድ ቢን በርጋሽ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ከቤተ መንግሥቱ እንዲወጣ ቀጠሮ ሰጡት። አልወጣም። ሰዓቱ እንዳለፈ የጦር መርከቦቻቸው ከባሕር ተኮሱ፤ ከአርባ ደቂቃ ብዙም ሳይርቅ ሁሉም አለቀ፣ ሱልጣኑም ጀርመን ቆንስላ ገባ። በታሪክ አጭሩ ጦርነት ይባላል። ከእሱ ወገን የሞተውና የቆሰለው ግን አምስት መቶ ያህል ነው። ልጄ ለምን እኛ አሸነፍን፣ እነሱ ለምን ተሸነፉ አለችኝ። እኛ ተራራ ነበረን፣ የእነሱ ቤተ መንግሥት ደግሞ መርከብ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ነው አልኳት፤ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፣ አውሮፕላኑ ግን አይጠብቅም።

እናንተም ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ከሆቴሉ ዋጋ በፊት የባሕሩን ሰዓት ጠይቁ። ልጆቻችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ካልዋኙ የሚያኮርፉ ከሆኑ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኑንግዊና ኬንድዋ ሂዱ፤ እዚያ ውኃው ብዙ አይሸሽም። አያት ይዛችሁ ከሆነ ግን ጃምቢያኒ ይሻላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም በእጅ ቦርሳ ያዙ፣ በር ላይ ይጠይቃሉ።