ያለ ክፍያ የተከፈተ ቤት፦ የልውውጥ ተማሪዎች ታሪክ

በዛሬው የታሪክ ማስታወሻ የምናነሣው በየዓመቱ ክረምቱ ማብቂያ ላይ በብዙ ሺህ የአሜሪካ ቤቶች የሚደገም ነገር ነው። አንድ የአሥራ ስድስት ወይም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሻንጣውን ይዞ፣ በአካል አይቷቸው የማያውቃቸው ሰዎች ቤት ይገባል። አንድ የትምህርት ዓመት እነሱ ዘንድ እያደረ፣ በሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። ቤተሰቡ ለዚህ ደመወዝም ኪራይም አይቀበልም። ስለ ልውውጥ ተማሪ ሲወራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ትምህርቱ፣ እንግሊዝኛው፣ ነጻ የትምህርት ዕድሉ ነው። እኔ ግን ታሪኩን ከሥሩ ለተከታተለ ሰው የነገሩ ሁሉ ማዕከል የተቀባዩ ቤተሰብ ቤት ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ያውም ያለ ክፍያ የተከፈተ፣ ዞር ብሎ የሚጠይቀው ተቆጣጣሪ ግን ያለው ቤት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ማስረጃ የተገኘው እንደታሰበው ካልሆነ ሙከራ ነው። በ1932 ዶናልድ ዋት የተባለ አሜሪካዊ ወጣቶች ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ወሰደና ከአውሮፓውያን እኩዮቻቸው ጋር ስዊዘርላንድ ውስጥ ካምፕ አስገባቸው። አብረው ቢውሉ ወዳጅ ይሆናሉ ብሎ ነበር፤ በአንድ ካምፕ መስፈር ብቻውን ግን የተመኘውን ያህል አላቀራረባቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ዘዴውን ለወጠና ወጣቶቹን በየቤተሰቡ አስገባ። ለምን እንደሠራለት መረዳት አያስቸግርም። ካምፕ ውስጥ ሁሉም እንግዳ ነው፤ ሥርዓቱም ለእንግዳ ተብሎ የወጣ ነው። ቤት ግን ማንም ሳይመጣ በፊት የነበረ የራሱ ወግ አለው፦ ጠዋት ቀድሞ የሚታጠበው ማን ነው፣ ራት በስንት ሰዓት ይቀርባል፣ ሳህን የማጠቡ ተራ የማን ነው፣ አባት ሲቆጣ የሚያበርደው ማን ነው። መጤው ልጅ ይህን መልመድ ግድ ይለዋል፤ ቤተሰቡም እስከዚያ ቀን ልብ ያላለውን የገዛ ልማዱን ለልጁ ሲያስረዳ ራሱ ያየዋል። ዋት ለዚሁ ያቋቋመው ድርጅት በ1934 ወደ ጀርመን ከላካቸው ወጣቶች አንዱ ሳርጀንት ሽራይቨር ነበር፤ በ1961 የሰላም ጓድ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆነው ሰው። በማግስቱ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. መባቻ፣ ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ለማስተማር ኢትዮጵያ ገቡ። ከአድማጮቻችን መካከል በእነሱ እጅ የተማረ አይጠፋም።

ሁለተኛው ማስረጃ የሚነሣው ከጦር ሜዳ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ አሜሪካ ገና ሳትገባበት፣ ለፈረንሳይ ጦር ቁስለኛ የሚያመላልሱ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኛ የአምቡላንስ ሾፌሮች ነበሩ። በ1915 ኤ. ፒያት አንድሩ የተባለ አሜሪካዊ አደራጃቸውና አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ፣ በአጭሩ ኤኤፍኤስ፣ ተባሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በሰሜን አፍሪካ በረሃና በጣሊያን ተራሮች ቁስለኛ አነሡ፤ በ1945 የቤርገን ቤልሰን ማጎሪያ ነጻ ሲወጣ ከብሪታንያ ጦር ጋር ገብተው በሞት አፋፍ ላይ የነበሩትን ካነሡት መካከል ናቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ ድርጅቱን የሚመራው ስቲቨን ጋላቲ ነበር፤ ራሱም በአንደኛው ጦርነት አብሯቸው ያገለገለ ሰው ነው። መበተን ይችሉ ነበር፤ አልተበተኑም። በ1947 ከ10 አገሮች 52 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ወደ አሜሪካ አመጡ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው የመረጡት ዕድሜ ነው። ምሁር ሲመጣ ሆቴል ያርፋል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶርም ይገባል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲያመሽ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። ዕድሜው ራሱ የሰው ቤት ያስከፍታል። በ1951 ደግሞ ሬቸል አንድሬሰን በተባለች ሴት አስተባባሪነት 75 ጀርመናውያን ወጣቶች ሚሺጋን ውስጥ በየቤተሰቡ ገቡ፤ ዩዝ ፎር አንደርስታንዲንግ የተባለው ድርጅት ከዚህ ተወለደ። ጦርነቱ ካበቃ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሚሺጋንም ልጆቿን ለዚያ ጦርነት የሸኘች ግዛት ናት። ፎርሙ ላይ የትናንት ጠላት አገር ዜጋ የሆነው ልጅ፣ ቁርስ ሲቀርብ እንቅልፉን ያልጨረሰ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ሽራይቨር ጀርመን የሄደው በ1934፣ ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ተነሣ። ታዲያ በየቤቱ አብሮ መብላት ምን አተረፈ? አብሮ መብላት ጦርነት ያስቀራል የሚል ሰው ካለ ታሪክ አይመሰክርለትም። ያተረፈው ከጦርነት በኋላ ነው፤ መንግሥታት ውል ከተፈራረሙም በኋላ ሕዝብ ሕዝብን ፊት ሲነሣ፣ ፊቱን የመለሰው በየቤቱ የገባው ልጅ ነው። ሌላው ተቃውሞ ጉዳዩ የአሜሪካ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ ነው የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የኤኤፍኤስ ተማሪዎችን በ1963 ዋይት ሀውስ ግቢ ሰብስቦ ያነጋገረው በከንቱ አልነበረም። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ በሴናተር ቢል ብራድሌይ አሳሳቢነት ፍሌክስ የተባለው ፕሮግራም ለቀድሞ የሶቪየት ሪፐብሊኮች ልጆች በመንግሥት ወጪ ተከፈተ፤ ሩሲያም በ2014 ልጆቿን ከፕሮግራሙ አስወጣች። ይሁን እንጂ ፕሮፓጋንዳ የሚታየውን ይመርጣል፤ ቤት ውስጥ የገባ ልጅ ግን የሚያየውን ማንም አይመርጥለትም። በ1957 መኸር አሜሪካ የነበረ የልውውጥ ተማሪ፣ በሊትል ሮክ ከተማ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ መከልከላቸውን የሰማው ተቀባዮቹ በሚያነቡት ጋዜጣ ነው፤ ተቀባዮቹ ስለዚያ ምን እንዳሉና ምን እንዳላሉም ሰምቷል። በ1960ዎቹ በኤኤፍኤስ በኩል የሄዱ ኢትዮጵያውያን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም አሜሪካን ያዩት ከነጉድፏ ነው። ይህን የመሰለ ነገር አስመስሎ ማሳየት ለሚፈልግ መንግሥት አይመችም።

ከእኛ ሰው ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ እንግዳ መቀበል ምን ያስደንቃል? የገጠር ልጅ ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጦ መማሩ ለእኛ የኖረ ነገር ነው። ልክ ነው፤ ግን ልዩነቱ ያስተምራል። ዘመድ ቤት የሚማረው ልጅ የሚታመነው በዝምድናው ነው፤ ብዙ ጊዜም ከጥናቱ ይልቅ መላላኩና የቤት ውስጥ ሥራው ይበዛበታል፤ ቢበደልም ማን ዘንድ ሄዶ ይናገራል? በልውውጡ ዝምድና ስለሌለ፣ በዝምድናው ቦታ ደንብ መግባት ነበረበት። ደንቡም የጠበቀው በልጆች ላይ በደረሰ በደል ነው። በ2009 ፔንሲልቬንያ ውስጥ በስክራንተን ከተማ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ተማሪዎች ለሰው በማይመጥን ንጽሕና፣ በቂ ምግብ እንኳ በሌለበት ቤት መመደባቸው ተጋለጠ። ፈቃደኛ ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነው፤ አስተባባሪው ደግሞ በብዙ ድርጅቶች የሚከፈለው ባስቀመጠው ተማሪ ቁጥር ነው፤ ነሐሴ እየገፋ ሲሄድ የተገኘውን ቤት ሁሉ ደህና ነው የማለት ፈተና ይመጣል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በማግስቱ ዓመት ያጠበቀው ደንብ ይህን ያህል ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፦ አስተባባሪው ቤቱ ድረስ ሄዶ የቤቱን ሰው ሁሉ ያነጋግራል፤ የወጥ ቤቱ፣ የመታጠቢያው፣ የሳሎኑና የልጁ መኝታ ፎቶግራፍ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል፤ የአዋቂዎቹ የወንጀል መዝገብ ይጣራል፤ ልጁም የራሱ አልጋ ይኖረዋል። አልጋው በአየር የሚነፋ ፍራሽ ወይም ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን ሶፋ መሆን የለበትም። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከደንቡ ሁሉ ምርጡ አንቀጽ እሱ ነው። በየማለዳው አልጋው እየታጠፈ የሚነሣበት ልጅ በዚያ ቤት ቦታ እንደሌለው በየማለዳው ይነገረዋልና።

እንግዲያው ቤተሰቡ ለምን አይከፈለውም? ጥያቄው ሚዛን የሚደፋ ነው። ብዙ ድርጅቶች ከላኪ ወላጆች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዶላር ይቀበላሉ፤ እህሉን የሚያቀርበው ቤት ግን ከዚያ አይደርሰውም፤ ስለዚህም ኑሮው ጠበብ ያለ ቤተሰብ፣ ልቡ ቢፈቅድም፣ ይሸሻል። ቢሆንም ክፍያውን አልደግፍም። የተከፈለበት ልጅ ተከራይ ይሆናል፤ ተከራይን ሳህን እጠብ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ግባ ማለት ያስቸግራል፤ ለገንዘቡ ብሎ ልጅ የሚሰበስብ ቤትም ይመጣል፤ የስክራንተን ዓይነት በደል ከዚያ በኋላ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። የአሜሪካ የግብር ሕግም ይህንኑ መስመር ይዟል፦ ተማሪ ያስቀመጠ ቤተሰብ ከገቢው ላይ በወር እስከ 50 ዶላር እንደ በጎ አድራጎት እንዲቀነስለት ይፈቅድና፣ ለወጪው ማካካሻ ከተቀበለ ግን ይነፍገዋል። መርሁ ትክክል ነው፤ መጠኑ ግን ከእውነተኛው ወጪ ጋር አይገናኝም። የአንድ ጎረምሳ የወር ቀለብ በ50 ዶላር እንደማይሸፈን አሜሪካ ያለ ወገናችን ሁሉ ያውቀዋል፤ ቅነሳውም የሚጠቅመው ወጪውን ዘርዝሮ ለሚያስመዘግብ ግብር ከፋይ ብቻ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ተቀባይ ቤተሰቦችን ማገዝ ከፈለጉ ቅነሳውን ከፍ አድርገው፣ ዘርዝሮ ለማያስመዘግበውም ቤተሰብ ክፍት ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ይህም ደመወዝ ሳይሆን ለቀለቡ ድጎማ ይሆናል።