ብሎወር ሞተር

ብሎወር ሞተር በቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሥርዓት ውስጥ ማራገቢያውን የሚያዞርና አየርን በቱቦዎች በኩል ወደ ክፍሎች የሚገፋ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በአሜሪካና በካናዳ ብዙ መኖሪያ ቤቶች የሚሞቁትና የሚቀዘቅዙት በዚህ መንገድ ነው። የጋዝ ማሞቂያው ሙቀቱን ይፈጥራል፤ ወደ መኝታ ቤትና ወደ ሳሎን የሚያደርሰው ግን ብሎወሩ ነው። በሙቀት ወራትም ያው ሞተር አየሩን በማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ ያሳልፋል። ስለዚህ ቤቱ በጋዝ ቢሞቅም የመብራት ሂሳቡ በክረምት የሚጨምርበት አንዱ ምክንያት ይህ ሞተር ነው።

ዓይነቶች

ለረጅም ጊዜ የተለመደው ፒኤስሲ የሚባለው ሞተር ነው። ከጎኑ ቋሚ ካፓሲተር አለው፤ በተለዋዋጭ ጅረት በቀጥታ ይሠራል፤ አሠራሩ ቀላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 60 በመቶ ገደማውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ብቃቱ በጣም ይወርዳል።

ሁለተኛው ኢሲኤም ይባላል። በሮተሩ ላይ ቋሚ ማግኔት አለው። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ ጅረት ከለወጠ በኋላ የትኛው ጥቅል ሽቦ መቼ ጅረት እንደሚያገኝ ይወስናል። ብቃቱ 80 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም ብዙ አይቀንስም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ይህን ሞተር ለቤት ማሞቂያ ያቀረበው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከኢሲኤም ሞተሮች አንዳንዶቹ የማዞር ኃይላቸውን፣ ሌሎቹ ደግሞ የሚገፉትን የአየር መጠን ሳይለውጡ ይሠራሉ።

ፍጥነትና ፍጆታ

የማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ የአየሩ መጠንም በግማሽ ይቀንሳል፤ አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ከዚህ ሕግ በሚገባ የሚጠቀመው ኢሲኤም ነው። በፒኤስሲ ላይ ትርፉን የሞተሩ ብክነት ይበላዋል።

ቁጠባው የሚወሰነው በአጠቃቀም ነው። ለምሳሌ ማራገቢያው ቀንና ሌሊት ሳይቆም የሚሠራበትን ቤት እንውሰድ። 400 ዋት የሚወስድ ፒኤስሲ በዓመት 3,504 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በዝቅተኛ ፍጥነት 80 ዋት የሚወስድ ኢሲኤም 701 ገደማ ይፈጃል። የኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 15 ሳንቲም ከሆነ ልዩነቱ 420 ዶላር ይጠጋል። በሌላ ቤት ግን ማራገቢያው ማሞቂያው ሲነሳ ብቻ፣ በዓመት ለ1,000 ሰዓት ይዞራል እንበል። ፍጆታው ከ400 ወደ 250 ዋት ቢወርድ የሚተርፈው 22 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቤት በደንብ የሚሠራን ሞተር አውጥቶ መጣል አያዋጣም፤ ሻጮች ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ስሌት ነው።

ሞተሩ የሚያባክነው ኤሌክትሪክ ሙቀት ሆኖ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። በክረምት ይህ ሙቀት ቤቱ ውስጥ ስለሚቀር ቁጠባው በከፊል በተጨማሪ ጋዝ ይካካሳል። በሙቀት ወራት ግን ማቀዝቀዣው ያንኑ ሙቀት ማስወጣት ስላለበት ጉዳቱ እጥፍ ነው።

የአሜሪካ ደንብ

የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር በ2014 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ደንብ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በሚመረቱ የቤት ማሞቂያዎች ላይ ተፈጻሚ ሆነ። መለኪያው አንድ ሺህ ኪዩቢክ ጫማ አየር በደቂቃ ለመግፋት የሚያስፈልገው ዋት ነው። በዚህም የተነሳ አዳዲስ የጋዝ ማሞቂያዎች በአብዛኛው ኢሲኤም ይዘው ይመጣሉ። በነባር ማሞቂያ ላይ ለመተኪያ የሚሆን ፒኤስሲ ግን አሁንም ይሸጣል።

አመራረጥ

ከግዢ በፊት ቱቦዎቹና ማጣሪያው መታየት አለባቸው። ብዙ ማሞቂያዎች የሚሠሩት እስከ 0.5 ኢንች የውሃ ግፊት (125 ፓስካል ገደማ) ታስቦ ነው። ቱቦው ከጠበበ ወይም ማጣሪያው ከተደፈነ ፒኤስሲው የሚገፋው አየር ይቀንሳል። የአየር መጠኑን የሚጠብቀው ኢሲኤም ደግሞ ፍጥነቱን ጨምሮ ይታገላል፤ በዚህ ጊዜ ከፒኤስሲው በላይ ኤሌክትሪክ ሊወስድ ይችላል።

ተተኪው ሞተር በቮልት፣ በፈረስ ጉልበት፣ በመዞሪያ አቅጣጫና በዘንግ ውፍረት ከነበረው ጋር መስማማት ይኖርበታል። የፈረስ ጉልበቱን መጨመር ጥቅም የለውም። አየር መጠን ጠባቂ የሆነው ኢሲኤም በአምራቹ ለዚያ ማሞቂያ ተብሎ የተሞላ ፕሮግራም ስላለው በሌላ በማንኛውም አይተካም። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ በኤሌክትሪክ መዋዠቅ በቀላሉ ይጎዳል፤ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም በውስጡ ሙላት ስለሚቀር ከመክፈት በፊት ቢያንስ 5 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

እያጉረመረመ አልነሳ ያለ ፒኤስሲ ብዙ ጊዜ የተበላሸበት ካፓሲተሩ ብቻ ነው፤ እሱም በጥቂት ዶላር ይለወጣል። ማእከላዊ ማሞቂያ በቤቶች ባልተለመደባት ኢትዮጵያም፣ በድሬዳዋ የጣሪያ ማራገቢያዎችና በተለምዶ ዲናሞ በሚባሉት አነስተኛ የውሃ መሳቢያዎች ውስጥ ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ የዚሁ የካፓሲተር ዓይነት ነው፤ ብልሽቱም ተመሳሳይ ነው።