መውጫው የት ነው? የቢራ አክሲዮን ታሪክ ከደብረ ሲና ሲታይ

ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው እግሩን ሳያፍታታ የቆሎ ከረጢት በመስኮት ይገባለታል። እኔም የተማርኩት በቆሎ ገንዘብ ነው። እናቴ ከመዘዞና ከጣርማ በር ደጋ በአህያ የሚወርድላትን ሰነፍ ቆሎ ገብስ ገዝታ ትቆላለች፤ የቀረውን አብቅላ ጌሾ ወቅጣ ጠላ ትጠምቅበታለች። ገብስ በቤታችን ሁለት መንገድ ነበረው፤ አንዱ በምጣድ፣ አንዱ በጋን። ሦስተኛው መንገድ አክሲዮን ነው። እሱ የመጣው ግን እኔ አስተማሪ ሆኜ፣ ጠጉሬም ከሸበተ በኋላ ነው።

ሐበሻ ቢራ ከእኛ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሊተከል ነው ተብሎ አክሲዮን ሲሸጥ፣ ከእቁብ ዕጣዬ የተረፈችኝን ይዤ እኔም ተመዘገብኩ። ሰርተፊኬቱን ባለቤቴ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀመጠችው። ያኔ ፋብሪካው ገና መሬት ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ባቫሪያ የተባለው የኔዘርላንድ ጠማቂ ገንዘብ ይዞ ሊገባ ነው የሚል ወሬ ከተማውን አዳረሰው። በማግሥቱ ጎረቤቴ፣ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ፣ የራሳቸውን ወረቀት በጋዜጣ ጠቅልለው ቤቴ መጡ።

«መምህር፣ ፈረንጅ ገባ አሉ። ይቺን ወረቀት ትወስድልኛለህ?»

«ለምን ይሸጧታል ጋሼ? ሰው ሁሉ ገና ትወደዳለች እያለ አይደል እንዴ?»

«እሱን ብዬ እኮ ነው የመጣሁ። ሰው ሁሉ ትወደዳለች ሲል ነው ገዢ የሚገኝ።»

የአንድ ሳምንት ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው። የታሪክ አስተማሪ ነኝና ሳምንቱን ያሳለፍኩት ዋጋ በመጠየቅ ሳይሆን ወደ ኋላ በማየት ነው።

የአገራችን የቢራ ፋብሪካ ታሪክ የሚጀምረው ቅዱስ ጊዮርጊስ በአዲስ አበባ ከተቋቋመበት ከ1915 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መጠጥ የሚጠመቀው በየቤቱ ነበር፤ ሙያውም የሴቶቹ ነበር። ፋብሪካ ሲመጣ ካፒታል የሚባል ነገር አብሮ መጣ። ካፒታሉን በአክሲዮን የሚከፋፍለው ሕግ ግን ወግ ያዘ የሚባለው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። ያ ሕግ አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ 5 መሥራቾችና 50,000 ብር ካፒታል እንዲኖረው፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋም ከ10 ብር እንዳያንስ ደነገገ። ሜታ አቦ ቢራ ሰበታ ላይ የተቋቋመው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ዘመን በብሔራዊ ባንክ አማካይነት አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ተቋቁሞ፣ ባለ አክሲዮን የሆነ ሰው ወረቀቱን የሚሸጥበት ቦታ ነበረው።

ያ ቦታ ዐሥር ዓመት ያህል እንኳ በወጉ አልቆየም። ደርግ በጥር 1967 ዓ.ም. ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ሲወርስ የቢራ ፋብሪካዎቹም የመንግሥት ሆኑ፤ ገበያውም አብሮ ተዘጋ። ጎረቤቴ ቀጣሪያቸው የነበረው ነጋዴ የአክሲዮን ወረቀቱን በመስታወት ፍሬም አስገብቶ ግድግዳ ላይ እንደሰቀለው ይነግሩኝ ነበር። «ሲወረስ አላወረደውም» ይላሉ። «እንደ ሟች ፎቶ እዚያው ተሰቅሎ ቀረ።»

ቀጥሎ የመጣው የሽያጭ ዘመን ነው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ቅዱስ ጊዮርጊስን የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን በቢ.ጂ.አይ. በኩል በ10 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2003 ዓ.ም. ክረምት ሄኒከን የሐረርንና የበደሌን ቢራ ፋብሪካዎች በ163 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በጥር 2004 ደግሞ ዲያጂዮ ለሜታ አቦ 225 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ የቢራ ፋብሪካ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ተመልከቱ። የደብረ ሲና ሰው ልቡ የዘለለው ይህን ቁጥር ሰምቶ ነው፤ «ሜታ እንዲህ ከተሸጠ የኛው ስንት ሊያወጣ ነው?» ይባል ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ተዘለለ። በእነዚያ ሽያጮች ሁሉ ሻጩ አንድ ነበር፤ መንግሥት። ዋጋ የተከራከረው እሱ፣ ገንዘቡን የተቀበለው እሱ። የዳሸን ቢራ አብላጫ ድርሻ ዱዌት ለተባለው የእንግሊዝ የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ሲተላለፍም ከዚህ ወገን የነበረው ጥረት የተባለው አንድ ተቋም ነው። ሐበሻና የማይጨው ራያ ቢራ ግን ሌላ ዓይነት ናቸው። የሐበሻ ባለ አክሲዮኖች ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎች ነበሩ፤ መምህር፣ ሾፌር፣ ነርስ፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ። ትልቅ ገዢ ሲመጣ ይሸጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ ከቡና ረከቦት ዙሪያ የደረሰው ያኔ ነው። ራያንም ቢ.ጂ.አይ. መጀመሪያ በከፊል ገብቶበት ቆይቶ በመጨረሻ ጠቀለለው።

ትልቅ ገዢ የሚገባበት በር ሁለት ነው፤ ልዩነቱንም ያን ጊዜ ብዙ ሰው አልጠየቀም። በአንደኛው በር የሚመጣው ገዢ ከነባር ባለ አክሲዮኖች ላይ ይገዛል፤ ገንዘቡ በሻጮቹ ኪስ ይገባል። በሁለተኛው በር የሚመጣው ማኅበሩ አዲስ አክሲዮን አውጥቶለት ይገዛል፤ ገንዘቡ ወደ ፋብሪካው ይገባል እንጂ ለእኔ አይደርሰኝም። ለባለቤቴ ያስረዳኋት በገብስ ነው፤ ምጣዱ አጠገብ ወለል ላይ 100 ፍሬ ደረደርኩ፤ 10ሩ የኛ ናቸው አልኳት። 150 ፍሬ ከጆንያው ጨመርኩ። የኛ አሁንም 10 ናቸው፤ ግን ከ100 ዐሥር የነበረው ከ250 ዐሥር ሆነ፤ ከመቶ 4 ብቻ። «ታዲያ ቀንሶብናል» አለች። አዎ፣ በድምፅ ቀንሶብናል፤ ቦርድ የሚመረጠው በአክሲዮን ብዛት እንጂ በሰው ቁጥር አይደለምና። ነገር ግን ያ 150 ፍሬ ፋብሪካ ካቆመ፣ የትልቅ ጋን ትንሽ ስኒ ከባዶ ጋን ትልቅ ዋንጫ ይሻላል። ፋብሪካው ገና ሳይቆም ባለገንዘብ መግባቱ ክፉ ዜና አልነበረም። ቢራውም በ2007 ዓ.ም. ክረምት ገበያ ወጣ፤ አብላጫው ድርሻም ቀድሞ ባቫሪያ ይባል የነበረው የስዊንክልስ ቤተሰብ ኩባንያ ሆነ።

እና የጎረቤቴን ወረቀት ልግዛ?

በውጭው ዓለም እንደ እኔ ያለ ሰው የሚያየው ነገር አለው። ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ኤቢ ኢንቤቭ የተባለው ግዙፍ ጠማቂ ሳብሚለርን ሲጠቀልል ለአንዱ አክሲዮን 44 ፓውንድ አቅርቦ ነበር። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ስትወስን ፓውንድ ወደቀ፤ ባለ አክሲዮኖቹ አጉረመረሙ፤ ገዢው ወደ 45 አወጣው። ትንሹም ባለ አክሲዮን የዕለቱን ዋጋ ያያል፣ የቀረበለትን ዋጋ ያያል፣ ልዩነቱን ያሰላል። እኔ ግን ያን ሳምንት በእጄ የነበረው የጎረቤቴ ቃልና የደላላ ወሬ ብቻ ነው። ገዢው ለትንንሾቹ ዋጋ አቅርቦ እንደሆነ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አንድ ወረቀት አላገኘሁም። ሰው ሁሉ «ይወደዳል» ይላል፤ ከማን ኪስ እንደሚወጣ የሚናገር የለም።

በሳምንቱ ሽማግሌው ተመለሱ። ቡና ቀረበ፣ ቆሎ ቀረበ። የያዝኩትን አልሸጥም፣ አዲስም አልገዛም አልኳቸው። ምክንያቴን ሲጠይቁኝ ያስተማርኩትን ታሪክ ሁሉ ልዘረግፍ ስል አቋረጡኝና በራሳቸው ቋንቋ ጨረሱልኝ።

«የጣርማ በርን ዋሻ በጉም ቀን ስትገባ ምን ታያለህ?»

ከከተማችን በላይ ያለውን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ ማለታቸው ነው።

«ምንም።»

«ከወዲያ የሚመጣ መኪና መብራት ካየህ ግን መውጫው ክፍት ነው። መብራት ካላየህ ዳር ይዘህ ትቆማለህ። ነግረኸኛል፤ መብራት አላየህም።»

ወረቀታቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ለማንም አልሸጡትም፤ ለልጃቸው አወረሱት።

ዛሬ ነገሩ ትንሽ ተቀይሯል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው እንጂ ቢራ አይደለም። ደብረ ብርሃንም የሐበሻና የዳሸን ፋብሪካ፣ የቡርትማልት ብቅል ፋብሪካም አላት፤ የደጋው ገበሬ ከሰነፍ ቆሎው ጎን የቢራ ገብስ ይዘራል። ነገ ሌላ ገዢ መምጣቱ አይቀርም። ዲያጂዮ እንኳ በዚያ ሁሉ ዶላር የገዛውን ሜታን በ2014 ዓ.ም. ለካስቴል ቡድን ሸጦ ወጥቷል። እሱ ሲወጣ የሚገዛው ነበረው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ጎረቤትህ የቢራ አክሲዮን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቢመጣብህ «ስንት ያወጣል?» ብለህ አትጀምር። ገዢው በየትኛው በር ነው የሚገባው? ከገባ በኋላ በጉባኤው ላይ ድምፄ ስንት ትሆናለች? እኔ ልሸጥ ስል ደግሞ ማን ይገዛኛል? ለሦስተኛው ስም ጠርቶ የሚመልስልህ ሰው ካጣህ ገንዘብህን ገብስ ግዛበት። ገብስ ቢያንስ ደብረ ሲና መናኸሪያ ላይ በመስኮት ይሸጣል።