የፍሬን አጋዥና የጣርማ በር ከፍታ

የሰሜን ሸዋን ታሪክ በመንገድ በኩል የሚመረምር ሰው ደጋውን ከቆላው የሚለየውን ታላቅ ገደል ሳያነሣ ሊያልፍ አይችልም። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው ይህን ገደል ለብዙ ዘመናት በእግሩና በበቅሎው ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። በቁልቁለት ላይ ጭነቱን የሚገታው የእንስሳው እግር ነበርና ስለ ፍሬን መጨነቅ አላስፈለገም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን መውጣት የሞተር፣ መውረድ የፍሬን ጉዳይ ሆነ።

የደብረ ሲናው ገደል ለሞተር ተሽከርካሪ ምን ያህል ፈተና እንደሆነ በጉልህ የታየው በ1928 ዓ.ም. ነው። የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች ይዞ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ኢትዮጵያውያን የጣርማ በርን መንገድ አፍርሰው ስለ ነበር ሰልፉ መንገዱ እስኪጠገን ድረስ ለመቆም ተገደደ። ከዚያም በወረራው ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ ተሠራ። ዋሻው የተራራውን ጫፍ አስቀረ እንጂ ቁልቁለቱን አላስቀረም። በዚያ ዘመን የመጡት መኪናዎችና መካኒኮችም እንደ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ፍሬቻ ያሉትን ቃላት በየጋራዡ ትተው ሄዱ።

ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር አንሥቶ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እስከሚገኘው ሸዋ ሮቢት ድረስ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በዚህ መንገድ 1,700 ሜትር ሲወርድ የሚያወጣው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 50 ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ያሞቃል። ይህን ሙቀት ሞተሩ ካልተካፈለው አብዛኛው የሚያርፈው በፍሬን ሸራውና በታምቡሩ ላይ ነው።

ከባድ ተሽከርካሪን ለመግታት የሰው እግር ብቻውን እንደማይበቃ በመታወቁ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ አጋዥ መሣሪያ ለመፍጠር ብዙ ተጥሯል። ቤልጅጋዊው መሐንዲስ አልቤር ደዋንድር የፈለሰፈውን አጋዥ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 ለገበያ አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የአሜሪካው ፒርስ አሮው ተመሳሳይ መሣሪያ በመኪናዎቹ ላይ ገጠመ። በጋራዥ ቋንቋ ሰርቮ የሚባለው ይህ መሣሪያ በመካከሉ ዲያፍራም የተወጠረበት ክብ ቆርቆሮ ነው። ሞተሩ ከዲያፍራሙ ፊት ያለውን አየር ይመጣል፤ ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የውጪው አየር ከኋላ ገብቶ ይገፋል። እንግዲህ የሹፌሩን እግር በቀጥታ የሚያግዘው ሞተሩ ሳይሆን የውጪው አየር ክብደት ነው።

የመንዝ ደጋ ችግር ከዚህ ይጀምራል። በባሕር ወለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት በ3,000 ሜትር ከፍታ ወደ 525 ገደማ ይወርዳል። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ በባሕር ዳርቻ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ቫኪዩም ያሳያል። ይህም በየ300 ሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚቀንስ፣ መሐል ሜዳ ላይ 250 ገደማ ብቻ ይቀራል። ስፋቱ 23 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዲያፍራም በባሕር ዳርቻ 280 ኪሎ ያህል ኃይል ሲሰጥ፣ በመንዝ የሚሰጠው የዚያን ግማሽ ነው።

ይህን ያላገናዘበ ሰው፣ በተለይም አሮጌ መኪና በግቢው የሚገጣጥም ባለሙያ፣ ጤነኛውን ሰርቮ ነቅሎ ሊጥል ይችላል። ስለሆነም ምርመራው በቅደም ተከተል መካሄድ ይኖርበታል። ፔዳሉ የሚደርቅ ከሆነ ምክንያቱ በሰርቮው በኩል ይፈለጋል፤ እየሰመጠ የሚወርድ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፖምፓ፣ የዘይት ወይም በቧንቧ የገባ አየር ነው። ሰርቮውን ለመፈተን ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ከረገጡ በኋላ፣ እግርን ሳያነሡ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ዝቅ ካላለ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ የማይዘጋ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ወይም የተቀደደ ዲያፍራም መኖሩ ይመረመራል።

ሞተሩ ከሌላ መኪና የመጣ ከሆነ ተጨማሪ ጥያቄ ይነሣል። ለፍጥነት ተብሎ ካምሻፍቱ የተለወጠ ሞተር በሚኒሞ የሚሰጠው ቫኪዩም አነስተኛ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ቤንዚኑ አየር የሚያንቅ በር ስለሌለው የራሱ የቫኪዩም ፖምፓ ያስፈልገዋል። ደጋው ለሚወስደው ኃይልም ድርብ ዲያፍራም ያለው ሰርቮና የቫኪዩም ማጠራቀሚያ ጋን ማካካሻ ይሆናሉ።

ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድም ሆነ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ዓለም ከተማ ለሚያልፍ ሰው ግን ከሁሉ የሚበልጠው አጋዥ ከባድ ማርሽ ነው። በከባድ ማርሽ ነዳጅ ሳይሰጡ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይገታል፤ ቫኪዩሙም ይጨምራል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ሰው ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ በእግሩ ኃይል ብቻ ይቀራል። የጋለ ሸራን ወይም የፈላ የፍሬን ዘይትንም የትኛውም ሰርቮ አያድነውም።

የመኪና መመሪያ መጻሕፍት የሚሰጡት መለኪያ በአብዛኛው በዝቅተኛ ቦታ የተለካ ነው። ያንን ቁጥር እንዳለ ተቀብሎ በደጋ ላይ የሚፈርድ መካኒክ ጤነኛውን መሣሪያ በሽተኛ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ፈትኖ በቃ የሚል ደግሞ ጣርማ በር ላይ የሚጎድለውን ኃይል አያይም። ስለዚህ ማንኛውም የፍሬን ፍተሻ መኪናው የሚነዳበትን ቦታ ከፍታ ከግምት ያስገባ ሊሆን ይገባዋል።