ፕሮግራሙ በየትኛው እትም ይሠራል? የአንድ መስመር ማስታወሻ ታሪክ

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን መዝገብ በኮምፒዩተር ለመያዝ ፕሮግራም አስጽፏል እንበል። ጸሐፊው ወደ ሌላ ሥራ በተዛወረ ጊዜ ተተኪው መምህር ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው አንድ አጭር ማስታወሻ ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙ በየትኛው የቋንቋ እትምና በየትኛው የድረ ገጽ ማዕቀፍ እትም እንደሚሠራ የሚያስረዳ መስመር ነው። ማዕቀፍ ስንል ድረ ገጽ ሠሪው ሁሉን ከባዶ እንዳይጀምር አስቀድሞ የተዘጋጀለትን የፕሮግራም አጽም ማለታችን ነው። የዚህን ማስታወሻ ክብደት ከፓይተን ቋንቋና በላዩ ከተሠራው ከጃንጎ ማዕቀፍ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ጃንጎ በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት፣ በላውረንስ ከተማ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ተወጥኖ በ2005 ለሕዝብ በነጻ ተለቀቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዲሴምበር 2008 ፓይተን 3 ወጣ። ይህ እትም ከቀዳሚው ጋር አለመጣጣሙ ሆን ተብሎ የተደረገ ሲሆን፣ በተለይ የጽሑፍ አያያዝን ከሥሩ ለውጧል።

ለውጡ ለፊደላችን ያለውን ትርጉም በምሳሌ እንመልከት። «እንጅባራ» የሚለው ቃል አምስት ፊደላት አሉት። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ የቃሉን ርዝመት ቢጠየቅ ፓይተን 2 «15» ሲል ፓይተን 3 «5» ይላል። አሮጌው እትም ስሙን እስከ አሥር ድረስ ብቻ አስቀር ቢባል ሦስት ፊደላትና የአራተኛውን ስባሪ ያስቀራል። በእርግጥ ከቃሉ ፊት ልዩ ምልክት በማኖር ይህን ማስወገድ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ምልክቱን የሚዘነጋ አይጠፋም። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአገውኛ በሚሰጥበት በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ደግሞ ጉዳዩ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ «አውጚ» የሚለው የቋንቋው ስም የሚጻፍበት «ጚ» እንኳ እንደ ሌሎቹ ሦስት ባይት ይይዛል።

ጃንጎ ወዲያውኑ አልተሻገረም። በ2013 እትም 1.5 ፓይተን 3ን ለሙከራ ያህል ተቀበለ። በኤፕሪል 2017 የወጣው 1.11 በፓይተን 2.7 የሚሠራ የመጨረሻው እትም ሆነ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር የወጣው 2.0 ከፓይተን 3.4 በታች አልሠራ አለ። ፓይተን 2 ራሱም በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ድጋፉ ተቋረጠ።

ማስታወሻ ያልተጻፈለት መዝገብ የሚታወከው እዚህ ላይ ነው። በፓይተን 2 ዘመን የተማሪውን ስም ለማሳየት የሚጻፈው ተግባር «ዩኒኮድ» በሚል ስም ይጠራ ነበር፤ ፓይተን 3 ይህን ስም አይጠራውም። በመሆኑም መዝገቡ ወደ አዲሱ እትም ሲዛወር በስሞቹ ፋንታ «ስቱደንት ኦብጀክት (1)»፣ «ስቱደንት ኦብጀክት (2)» እየተባለ ይዘረዘራል። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ የስሕተት መልእክትም አያወጣም። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለው ዝምተኛ ስሕተት ከሁሉ የከፋ ነው፤ መምህሩ መረጃው የጠፋ መስሎት እንደገና ለመመዝገብ ሊነሣ ይችላልና።

የጃንጎ አዘጋጆች በእያንዳንዱ እትም መግለጫ መግቢያ ላይ ተስማሚዎቹን የፓይተን እትሞች ይዘረዝራሉ። ይሁን እንጂ መግለጫ የሚያነብ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚፈለገውን የቋንቋ እትም ማሽን ሊያነበው በሚችል መልክ የመጻፍ ሐሳብ ገና በ2005 ቀርቦ ነበር። የፓይተን ጥቅሎችን የሚያወርደው ፒፕ ግን ይህን መስመር ማክበር የጀመረው በኖቬምበር 2016፣ በእትም 9.0 ነው። በመካከሉ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ኮምፒዩተሮች ለትምህርት ቤቶች የሚያከፋፍል የዕቅድ ባለሙያም ከዚህ ሰንሰለት ውጭ አይደለም። በ2020 የወጣው ፓይተን 3.9 በዊንዶውስ 7 ላይ አይጫንም። በዲሴምበር 2023 የወጣው ጃንጎ 5.0 ደግሞ ቢያንስ ፓይተን 3.10 ይሻል። ስለሆነም ዊንዶውስ 7 ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ከፓይተን 3.8፣ ከማዕቀፉም ከጃንጎ 4.2 አያልፍም።