ከአስመራ እስከ ጅማ፤ የኮስሚክ ጨረር ጥናት በደጋው ምድር

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ቡና በሰፌድ ሲለቀም፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሰፌድ ውስጥ በየሰከንዱ 20 ያህል የማይታዩ ቅንጣቶች ያልፋሉ። እነዚህም ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር ከአየር ጋር ሲጋጭ የሚፈጠሩ ናቸው። የጨረሩን ምንጭ ያመለከተው ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ ሲሆን፣ በነሐሴ 1912 እ.ኤ.አ. በፊኛ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ከፍታው ሲጨምር ጨረሩም እንደሚበረታ ለካ።

ቀጥሎ የተነሣው ክርክር ጨረሩ ምንድን ነው የሚል ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን ጋማ ጨረር ነው ሲል ተሟገተ፤ ሌሎች ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት ነው አሉ። ዳኛው የምድር መግነጢስ ሆነ። መግነጢስ ጋማ ጨረርን ፈጽሞ አያጎብጥም፤ ኤሌክትሪክ ያለውን ቅንጣት ግን ከመንገዱ ያስወጣል። ጣልያናዊው ብሩኖ ሮሲ በ1930 እንዳስረዳው፣ ቅንጣቶቹ ፖዘቲቭ ከሆኑ ከምዕራብ የሚመጡት ከምሥራቅ ከሚመጡት መብለጥ አለባቸው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየውም በመግነጢሳዊው ወገብ አቅራቢያ፣ በከፍታ ስፍራ ነው።

ስለዚህ ሮሲ በ1933 ከባልደረባው ከሰርጂዮ ዴ ቤኔዴቲ ጋር፣ በዚያን ጊዜ በጣልያን ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው አስመራ መጣ። መሣሪያው በአንድ መሥመር የተደረደሩ የጋይገር ቱቦዎች ሲሆኑ፣ አንድ ቅንጣት ሁሉንም በአንድ ቅጽበት ሲያቋርጥ ብቻ ይቆጥር ነበር። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እየተፈራረቀ በ45 ዲግሪ ሲያዘነብል የምዕራቡ ቁጥር በሩብ ያህል በለጠ። ሆኖም ቀደምትነቱን አላገኘም፤ ቶማስ ጆንሰን፣ እንዲሁም ሉዊስ አልቫሬዝና አርተር ኮምፕተን በዚያው ዓመት ከሜክሲኮ ከተማ ተመሳሳይ ውጤት አውጥተው ነበር።

ሌላው የአስመራ ውጤት ያልታሰበ ነበር። ተራርቀው የተቀመጡ ቱቦዎች በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ አብረው ቆጠሩ። ሮሲ የቅንጣቶች ጎርፍ በሰፊ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ እንደሚወርድ ገምቶ ጻፈ፤ ነገር ግን አልገፋበትም። ጉዳዩን ከ1938 ጀምሮ በስፋት ያጠናው ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ ስለሆነ፣ ጎርፉ በስሙ ይታወቃል።

በጥቅምት 1935 የፋሺስት ጦር ከዚያው ከኤርትራ ተነሥቶ ኢትዮጵያን ወረረ። ሮሲም በ1938 በወጣው የዘር ሕግ ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተባርሮ ተሰደደ። የደጋው ሕዝብ በራሱ ሰማይ ሥር ከተደረገው ልኬት ተካፋይ አልሆነም። በአገር ውስጥ የተተከለ ቋሚ መለኪያ የተገኘው ከ1957–58 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ነው፤ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባቋቋሙት ኦብዘርቫቶሪ የምድር መግነጢስ ይመዘገብ ጀመር።

መግነጢሳዊው ወገብ ከጅማ ብዙም ሳይርቅ በስተሰሜን ያልፋል። በዚህም ምክንያት 15 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት የሌለው ፕሮቶን በቀጥታ ከላይ ወደ ጅማ ሊወርድ አይችልም፤ በዋልታዎቹ አካባቢ ግን እጅግ ደካማውም ይገባል። ጋማ ጨረር ይህ አጥር አያግደውም። በናሚቢያ ደጋ በ1,800 ሜትር ከፍታ የተተከሉት፣ በሄስ ስም የተጠሩት ቴሌስኮፖች ጋማ ጨረር በአየር ውስጥ የሚፈጥረውን ብልጭታ እየተከታተሉ ምንጩን ያመለክታሉ።

የናሚቢያው ሥራ የብዙ አገሮችን ገንዘብ ጠይቋል። የአስመራው ግን ቱቦ፣ ሽቦና መቆሚያ ነበር። እንዲህ ያለው ቆጣሪ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ሊሠራ፣ በአጋሮ ትምህርት ቤትም ሊተከል ይችላል። ከመሐንዲሱ የሚፈለገው የማይቋረጥ ኃይል፣ ትክክለኛ ሰዓትና ዓመታትን የሚዘልቅ ጥገና ነው። እነዚህ ከተሟሉ የደጋው ልጆች ከሰማያቸው የሚወርደውን ራሳቸው ቆጥረው፣ መዝገቡንም በእጃቸው ያኖራሉ።